ዕጣና ደፍ፦ ስለ ራንደም ግራፍ ለጋዜጠኝነት ተማሪዎች

መግቢያ

ባለፈው ሴሚስተር በዶርማችን ሕንጻ ውስጥ አንድ ወሬ ነበር። «የሚድ ፈተናው ወደሚቀጥለው ሳምንት ተዛውሯል» የሚል። ወሬው ሰኞና ማክሰኞ ሁለት ሦስት ክፍል ውስጥ ሲንሾካሾክ ቆየና ረቡዕ ማታ በአንድ ጊዜ ሕንጻውን አጥለቀለቀው። በዚያ ሌሊት ብዙ ልጅ ደብተሩን አጥፎ ተኛ። ሐሙስ ጠዋት ግን ፈተናው በቀኑ ተሰጠ። ከተኙት አንዷ እኔ ነበርኩ።

በዚያው ሰሞን የዜና አጻጻፍ መምህራችን «ሳይንስ ነክ ዜና ጽፋችሁ አምጡ» የሚል የቤት ሥራ ሰጡን። ንዴቱ ገና ስላልበረደልኝ ስለ ወሬ ለመጻፍ ወሰንኩ። የሒሳብ ትምህርት ክፍል ተማሪ የሆነች የዶርም ጓደኛዬ ስለ ራንደም ግራፍ ጥናት ነገረችኝ። በጣም ደስ አለኝና «ወሬ በድንገት የሚዛመትበትን ምክንያት የሒሳብ ሊቃውንት አረጋገጡ» የሚል ርዕስ ሰጥቼ አስገባሁ። ወረቀቴ ሲመለስልኝ ከርዕሱ ሥር በቀይ እስክርቢቶ አንድ ጥያቄ ብቻ ተጽፎበታል፦ «ሊቃውንቱ ያጠኑት ወሬን ነው?»

አይደለም። ያጠኑት በዕጣ የተያያዙ ነጥቦችን ነው። በእነዚህ በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ደግሞ ለእኛ ሙያ ትንሽ ነገር አይደለም። ስለዚህ ይህን ጽሑፍ የዚያ የቤት ሥራ እርማት ነው ብትሉት አልቀየምም። በመጀመሪያ ራንደም ግራፍ ምን እንደሆነ፣ ቀጥሎ የተገኘው ውጤት ምን እንደሚል፣ በመጨረሻም አንድ ጋዜጠኛ ከውጤቱ የቱን መውሰድ፣ የቱን መተው እንዳለበት ለማሳየት እሞክራለሁ። «ሒሳብ ለማኅበራዊ ሳይንስ» የሚለውን የአንደኛ ዓመት ኮርስ እንደ ምንም የተገላገላችሁ አትፍሩ፤ ከመደመርና ከማባዛት ብዙም አናልፍም።

ለመሆኑ ራንደም ግራፍ ምንድን ነው?

እንደሚታወቀው «ግራፍ» ሲባል ለብዙዎቻችን ትዝ የሚለን የዋጋ ንረት ዜና ላይ ወጣ ገባ እያለ የሚሄደው መስመር ነው። እዚህ ግን ሌላ ነገር ነው። ግራፍ ማለት ነጥቦችና ነጥቦቹን ሁለት ሁለት እያደረጉ የሚያገናኙ መስመሮች ናቸው፤ በቃ። ነጥቡ ሰው ቢሆን መስመሩ ትውውቅ ሊሆን ይችላል። ነጥቡ ከተማ ቢሆን መስመሩ መንገድ ይሆናል።

ይህ የሒሳብ ዘርፍ «ዲስክሪት» የሚባለው የሚመለከታቸው ነገሮች በነጠላ በነጠላ የሚቆጠሩ ስለሆኑ ነው። ውኃ ይለካል፣ ባቄላ ይቆጠራል፤ ግራፍ ከባቄላው ወገን ነው። በሁለት ነጥቦች መካከል መስመር ወይ አለ ወይ የለም። «ራንደም» የሚለው ቃል ደግሞ መስመሩ የት የት እንደሚሰመር የሚወስነው ዕጣ መሆኑን ይነግረናል።

እስቲ አንድ ምሳሌ እንውሰድ። 1,000 ተማሪዎች አሉ እንበል፤ ማንም የማንንም ስልክ አያውቅም። የሁሉም ስም በቁራጭ ወረቀት ተጽፎ ባልዲ ውስጥ ተጨምሯል። ሁለት ስም ይወጣል፤ ባለስሞቹ ስልክ ይለዋወጣሉ። ወረቀቶቹ ይመለሳሉ፣ ባልዲው ይናጣል፣ እንደገና ሁለት ስም ይወጣል። በዚህ ዓይነት መንገድ በስልክ በስልክ እየተቀባበሉ መልእክት ሊደራረሱ የሚችሉትን ሁሉ አንድ «ቡድን» እንበላቸው። ጥያቄው እንግዲህ ይህ ነው፦ ዕጣው በበዛ ቁጥር ትልቁ ቡድን እንዴት ያድጋል?

እኔ የመለስኩት «ቀስ በቀስ» ብዬ ነበር። ዕጣ ሲጨመር ቡድኑ ትንሽ ይጨምራል፣ ሌላ ዕጣ ሲጨመር ደግሞ ሌላ ትንሽ። ስህተት ነው።

ከደፉ ወዲህና ከደፉ ወዲያ

ይህን ጥያቄ አንስተው የመለሱት ፖል ኤርዶሽና አልፍሬድ ሬኒ የተባሉ ሁለት የሀንጋሪ የሒሳብ ሊቃውንት ናቸው። ስለ ራንደም ግራፍ የመጀመሪያውን የጋራ ጽሑፋቸውን ያወጡት እ.ኤ.አ. በ1959 ሲሆን፣ የቡድኖቹን እድገት በዝርዝር ያሳዩበት ጽሑፍ በ1960 ወጣ። በዚያው በ1959 በአሜሪካ የቤል ላብራቶሪ ባልደረባ የነበረው ኤድጋር ጊልበትም በራሱ መንገድ ስለ ራንደም ግራፍ ጽፏል።

ውጤቱን ወደ ባልዲያችን እናምጣው። ቲዎረሙ የሚናገረው የነጥቦቹ ቁጥር እጅግ እየበዛ ሲሄድ ስለሚሆነው ነገር ስለሆነ ለ1,000 ሰው የምሰጣቸው ቁጥሮች ግምታዊ ናቸው። ዕጣው 250 ሲሆን ትልቁ ቡድን ከሺው ሰው ውስጥ ጥቂቶችን ብቻ ይይዛል። 400 ሲሆንም ያው ነው፤ ከአሥሮች አያልፍም። ዕጣው 750 ሲደርስ ግን ትልቁ ቡድን ወደ 580 ሰው ያቅፋል! በ1,000 ዕጣ ወደ 800፣ በ1,500 ዕጣ ወደ 940 ይደርሳል። ከ400 ወደ 750 ስንሄድ ዕጣው እጥፍ እንኳን አልሆነም፤ ቡድኑ ግን ከጥቂት አሥሮች ተነስቶ ከግማሽ በላይ ሆነ። ለውጡ የሚጀምረው 500ኛው ዕጣ አካባቢ ነው። አንድ ዕጣ ሁለት ሰው ስለሚነካ፣ 500 ዕጣ ማለት ለእያንዳንዱ ሰው በአማካይ አንድ ስልክ ማለት ነው።

የሒሳብ ሰዎች ይህን ነጥብ ደፍ ይሉታል፤ የበር ደፍ እንደምንለው። ከደፉ ወዲህ ሆነህ አንድ እርምጃ ብትጨምር ያው ውጭ ነህ፤ ደፉን የምታልፍበት እርምጃ ግን ቤት ያስገባሃል።

ለምን እንዲህ ሆነ? ሁለት ምክንያቶችን ላቅርብ።

አንደኛ፣ የሰንሰለቱ ነገር ነው። 250 ዕጣ ሲወጣ እያንዳንዱ ሰው በአማካይ ያለው ግማሽ ስልክ ነው። ስለዚህ 100 ሰዎች አንድ መልእክት ቢይዙ ወደ 50 አዲስ ሰዎች ያደርሳሉ፣ እነዚያ ወደ 25፣ እነዚያ ወደ 12፣ ከዚያ 6፣ ከዚያ 3፣ አለቀ። 750 ዕጣ ሲሆን አማካዩ አንድ ተኩል ነው፤ 100ው ወደ 150፣ 150ው ወደ 225፣ ከዚያ ወደ 337 ይሄዳል። የሚቆመው አዲስ ሰው ሲጠፋ ነው። ከአንድ በታች ይሞታል፣ ከአንድ በላይ ይፈነዳል። ሚስጥሩ በሙሉ ይህቺ «አንድ» የምትባል ቁጥር ናት።

ሁለተኛ፣ ዕጣ ሳያውቀው ለትልቅ ያደላል። 2 ሰው ያለበትን ቡድን 3 ሰው ካለበት ቡድን ጋር የሚያገናኙ ዕጣዎች 6 ብቻ ናቸው፤ 2 ሲባዛ በ3። መቶ መቶ ሰው ያላቸውን ሁለት ቡድኖች የሚያገናኙት ግን 10,000 ናቸው። ስለዚህ ሁለት ትልልቅ ቡድኖች ተለያይተው ብዙ ሊቆዩ አይችሉም፤ አንዱ ዕጣ ያጋባቸዋል። ከደፉ በኋላ ሁለት ወይም ሦስት ግዙፍ ቡድኖች ሳይሆኑ አንድ ብቻ የሚኖረውም በዚህ ምክንያት ነው።

ይህን ሁሉ ስሰማ አላመንኩም ነበር። ጓደኛዬ «ነይ እንሞክረው» አለችኝና ከአሮጌ ደብተር 40 ቁራጭ ወረቀት ቀደን፣ ከ1 እስከ 40 ቁጥር ጽፈንባቸው አልጋ ላይ ዕጣ ማውጣት ጀመርን። በ10ኛው ዕጣ ትልቁ ቡድን 4 ቁጥሮች ነበሩት። በ20ኛው 9 ሆነ። «ይኸው ቀስ በቀስ ነው» ብዬ ልከራከር ስል፣ 23ኛው ዕጣ 9ኙን ከሌላ 7 ጋር አገናኘና 16 አደረጋቸው። በ30ኛው ዕጣ 24 ደርሰው ነበር። 40 ወረቀት እንደ ማረጋገጫ አይቆጠርም፤ ለማመን ግን በቃኝ።

«ሁሉም ሰማ» ማለት መቼ ነው?

ሌላም ደፍ አለ፤ ዜና ላይ «ሁሉም» የሚለውን ቃል ለምንወድ ሰዎች በተለይ የሚጠቅም። በ1,000 ዕጣ ወደ 800 ሰው በአንድ ቡድን ገባ ብለናል። ከውጭ የቀሩት 200 ሰዎች እነማን ናቸው? ወደ 135 የሚሆኑት አንድም ስልክ ያልደረሳቸው ብቸኞች ናቸው። ዕጣ ደጋግሞ ለአንዳንዱ ይወጣል፣ ለአንዳንዱ ጨርሶ አይወጣም።

የመጨረሻው ብቸኛ ሰው ሳይቀር ሁሉም እንዲያያዝ ስንት ዕጣ ያስፈልጋል? ኤርዶሽና ሬኒ ይህንንም አስልተውታል፤ ለ1,000 ሰው ወደ 3,450 ነው። አስቡት፤ አንድ ሰው ቁጭ ብሎ በእቅድ ቢያገናኛቸው 999 መስመር ይበቃ ነበር። ዕጣ ከሦስት እጥፍ በላይ አባከነ፣ ያባከነውም መጨረሻ ላይ የቀሩትን ጥቂቶች ፍለጋ ነው። «ብዙው ሰማ» እና «ሁሉም ሰማ» በሚሉት ሁለት ዓረፍተ ነገሮች መካከል ከ2,000 በላይ ዕጣ አለ ማለት ነው።

ዕጣን እንደ ማስረጃ

ኤርዶሽ ዕጣን ወደ ሒሳብ ማምጣት የጀመረው ከ1959 ቀደም ብሎ ነው። የታወቀ ጥያቄ አለ፦ ስንት ሰው ቢሰበሰብ ነው ወይ ሦስት እርስ በርስ የሚተዋወቁ፣ ወይ ሦስት እርስ በርስ ጨርሶ የማይተዋወቁ ሰዎች የግድ የሚገኙት? መልሱ 6 ነው። በሦስት ፈንታ አራት ቢባል መልሱ 18 ነው። አምስት ቢባልስ? ከ43 እስከ 46 ባለው ውስጥ መሆኑ ታውቋል፤ ትክክለኛው ቁጥር ግን እስከ ዛሬ አልተገኘም። እንዲህ ያለ ቀላል ጥያቄ መልስ አጥቶ መቀመጡ አይገርምም?

በ1947 ኤርዶሽ ይህ ቁጥር በጣም በፍጥነት እንደሚያድግ ያሳየው አንድም የትውውቅ ሥዕል ሳይሥል ነው። ሐሳቡን በእኛ ቋንቋ ላስቀምጠው፦ ዕጣ ውስጥ የሌለ ነገር አይወጣም። ትውውቁን በዕጣ ብንወስን የምንፈልገው ዓይነት ሥዕል የመውጣት ዕድሉ ከዜሮ በላይ ከሆነ፣ ሥዕሉ ባልዲው ውስጥ አለ ማለት ነው፤ ማንም አይቶት ባያውቅም። ይህ የአሠራር ዘዴ ዛሬ ራሱን የቻለ የሒሳብ ክፍል ሆኗል።

ወደ ደፍ ስንመለስ፣ ዘርፉ እንዳልቆመ የሚያሳይ የቅርብ ጊዜ ዜና አለ። ደፉ የት እንደሆነ ለማግኘት ለእያንዳንዱ ጥያቄ ለየብቻ ብዙ መልፋት ይጠይቅ ነበር። ደፉ ከዚህ በታች ሊሆን አይችልም የሚል ቁጥር ለማግኘት ግን ቀለል ያለ የአማካይ ስሌት አለ። በ2006 ጄፍ ካንና ጊል ካላይ የተባሉ ሁለት ሊቃውንት ደፋር ግምት አቀረቡ፦ እውነተኛው ደፍ ከዚህ ቀላል ስሌት ብዙ አይርቅም፤ ቢበዛ የሚርቀው በሎጋሪዝም መጠን ነው። ሎጋሪዝም በጣም ቀስ ብሎ የሚያድግ ነገር ነው፤ ለ1,000 ወደ 7፣ ለ1,000,000 ወደ 14 ነው። ግምቱ ከመጠን በላይ ጠንካራ ስለነበር ባለቤቶቹ ራሳቸው እውነት መሆኑን ይጠራጠሩ ነበር።

በመጋቢት 2022 በአሜሪካ የስታንፎርድ ዩኒቨርሲቲ ባልደረባ የነበረችው ጂንዮንግ ፓርክና የዶክትሬት ተማሪ የነበረው ሁይ ቱዋን ፋም ግምቱ ትክክል መሆኑን አረጋገጡ። ከ15 ዓመት በላይ የቆየው ጥያቄ የተዘጋው ስድስት ገጽ አካባቢ በሆነ ጽሑፍ ነው። ፓርክ ለዶክትሬት ከመመለሷ በፊት በሴኡል ለዓመታት የትምህርት ቤት የሒሳብ መምህርት ነበረች። እንዲህ ያለውን ዜና በአማርኛ ማን ይጽፈዋል? እኛ ካልሆንን ማን?

ታዲያ ወሬውስ?

አሁን ወደ ቀዩ እስክርቢቶ እንመለስ። ሒሳቡ ትክክል ነው። የእኔ ዜና ለምን ስህተት ሆነ?

በመጀመሪያ ደረጃ፣ የዶርማችን ልጆች በዕጣ አልተገናኙም። የእኔ ጓደኞች እርስ በርሳቸውም ጓደኛሞች ናቸው፤ የአንድ ክፍል ልጆች፣ የአንድ አገር ልጆች፣ የአንድ ዲፓርትመንት ልጆች። በዕጣ በተያያዙ ነጥቦች መካከል እንዲህ ያለ መሰባሰብ እምብዛም አይታይም። በ1998 ደንከን ዋትስና ስቲቨን ስትሮጋትዝ የተለየ ሞዴል ያቀረቡት ይህን መሰባሰብ ለማካተት ነው።

በሁለተኛ ደረጃ፣ ሰው እኩል አይደለም። በዕጣ ሲሆን ሁሉም ወደ አማካዩ ይጠጋል፤ በእኛ ሕንጻ ግን 6 ሰው የሚያውቅ አለ፣ 300 አባል ያለው የቴሌግራም ግሩፕ የሚያስተዳድር አለ። በ1999 አልበርት ላዝሎ ባራባሺና ሬካ አልበርት ብዙ ግንኙነት ያለው ይበልጥ እያገኘ የሚሄድበትን ሞዴል አቅርበዋል። በ2001 ደግሞ ልዩነቱ እጅግ ሰፊ በሆነባቸው እንዲህ ያሉ ሞዴሎች ውስጥ ደፉ ሊጠፋ እስኪቃረብ ድረስ ዝቅ እንደሚል ታይቷል። ስለዚህ የኤርዶሽንና የሬኒን «አንድ» ቁጥር አንስቼ ሕንጻችን ላይ መለጠፍ አልችልም ነበር።

ሦስተኛውና ለእኔ ከባዱ ይህ ነው። ግራፉ የሚናገረው መልእክቱ የት ሊደርስ እንደሚችል ነው። የሰማው ሰው ማመኑንና ማስተላለፉን አይናገርም። መስመር መኖሩ አንድ ነገር ነው፤ በመስመሩ ላይ ወሬ መላክ ሌላ ነገር። የመጀመሪያ ጽሑፌን እንደገና ሳነበው አንድ ነገር አስተዋልኩ፦ ወሬው «ተዛመተ»፣ «ፈነዳ»፣ «አጥለቀለቀ» ብያለሁ እንጂ «አስተላለፍን» የሚል ቃል የትም የለም። እውነቱን ለመናገር እኔ ራሴ ያን ረቡዕ ማታ ለአራት ልጆች ልኬዋለሁ። ከመምህር አልጠየቅሁም፣ ማስታወቂያ ሰሌዳ አላየሁም። ለሦስት ሳምንት ሙሉ «ማነው የጀመረው?» እያልኩ ስፈልግ፣ የእኔ ድርሻ አራት መሆኑን አልቆጠርኩም።

ለእኛ ሙያ ምን ይጠቅማል?

ከላይ ከተዘረዘሩት ነጥቦች በመነሳት ለራሴ ሦስት ነገሮች ጽፌ ደብተሬ ላይ ለጥፌአለሁ።

1. የተረጋገጠው ስለ ምን እንደሆነ በስሙ መጥራት። «በዕጣ ስለተያያዙ ነጥቦች ተረጋገጠ» እና «ስለ ሰው ተረጋገጠ» አንድ አይደሉም። የሒሳብ ማረጋገጫ ከቅድመ ሁኔታው ውጭ ዋስትና አይሰጥም። ሁኔታውን ከዜናው ላይ ስንቆርጥ እውነቱን አብረን እንቆርጣለን።

2. «ድንገት» ሲያጋጥመን አንድ ጥፋተኛ ለመፈለግ አለመቸኮል። በባልዲው ምሳሌ ትልቁን ቡድን የፈጠረችው 501ኛዋ ዕጣ አይደለችም፤ ከእሷ በፊት የወጡት 500ዎቹም ናቸው። ድንገተኛ የሚመስለው ነገር ዝም ብሎ ሲጠራቀም ቆይቶ ሊሆን ይችላል። «ማን ጀመረው?» ከሚለው ጥያቄ ጎን «ከዚያ በፊት ምን ተጠራቅሞ ነበር?» የሚለውንም መጠየቅ ይገባል።

3. አማካዩን መጠየቅ። በ2012 ዓ.ም. መጋቢት ወር በኮቪድ ምክንያት ትምህርት ቤት ሲዘጋ እኔ ገና የሁለተኛ ደረጃ ተማሪ ነበርኩ። ያን ጊዜ በየዜናው አንድ ሕመምተኛ በአማካይ ለስንት ሰው እንደሚያስተላልፍ የሚገልጽ ቁጥር ሲነገር ትርጉሙ አይገባኝም ነበር። አሁን ገባኝ፤ ያቺው «አንድ» ናት። ከአንድ በታች ሲሆን ስርጭቱ እየከሰመ ይሄዳል፣ ከአንድ በላይ ሲሆን ይሰፋል። ይህን በሁለት ዓረፍተ ነገር ማስረዳት የሚችል ጋዜጠኛ ያኔ ለቤተሰቤ በጠቀመ ነበር።

ማጠቃለያ

ዕጣ ሥርዓት የሌለው ነገር ይመስላል፤ በብዛት ሲወጣ ግን የራሱ ሥርዓት፣ የራሱም ደፍ እንዳለው የሒሳብ ሰዎች አሳይተውናል። ይህ በራሱ ሊዘገብ የሚገባው ትልቅ ነገር ነው፤ ዜና እንዲሆን ወሬን ማስመሰል አያስፈልገውም ነበር። የዕጣው ሥርዓት የሰው ሥርዓት ነው ማለት ግን ሌላ ጥናት የሚጠይቅ ሌላ ዓረፍተ ነገር ነው።

ዜናዬን እንደገና ጽፌ ርዕሱን «በዕጣ የሚያያዙ ነጥቦች በድንገት ግዙፍ ስብስብ ይፈጥራሉ፤ ለወሬ ስርጭት ጥናት መነሻ ሊሆን ይችላል» አልኩት። ረዥም ነው፣ አይስብም። ለዶርም ጓደኛዬ ሳነብላት ትንሽ ዝም ብላ፣ «ስሚ፣ አሁን ውሸት የለበትም» አለችኝ። ከዚያ በኋላ «ፈተና ተዛውሯል» የሚል መልእክት ሁለት ጊዜ ደርሶኛል። ሁለቱንም ጊዜ ለማንም ሳልልክ በመጀመሪያ ወርጄ ማስታወቂያ ሰሌዳውን አየሁ። የእኔ ድርሻ ዜሮ ሆነ ማለት ነው፤ አማካዩን ዝቅ ለማድረግ ከአንድ ሰው የሚጠበቀውም ይኸው ነው።